በኮሪያ የግል ዩኒቨርሲቲ የማን ነው? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። የአንዲት አዲስ አበቤ እናት ልጅ በደቡብ ኮሪያ ከሚገኙ ሦስት የግል ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ደብዳቤ አግኝታለች። አንዱን የመሠረቱት ሚሲዮናውያን ናቸው። ሁለተኛው ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር የተያያዘ ነው። ሦስተኛው ከሴኡል ራቅ ያለ፣ ስሙም እምብዛም የማይታወቅ ነው። እናትየው እንዲህ ይላሉ፦ «ጉዳይ አስፈጻሚው ለሦስተኛው ቶሎ ክፈሉ እያለ ይወተውተናል። የግል ከሆኑ ባለቤታቸው ማን ነው? ባለቤቱ ቢከስር ልጄ ሜዳ ላይ ልትቀር ነው? እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ የሚሲዮኑ ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖቷን ያስለውጣት ይሆን? ወንድሜም ለሥራ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያው ሊሄድ ነውና ስለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶቹም ቢነግሩን።»

እህቴ፣ ጥያቄዎ አራት ጥያቄ ስለሆነ መልሱ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባለቤትነቱ ልጀምር። በኮሪያ የግል ዩኒቨርሲቲ እንደ ፋብሪካ ወይም እንደ ሕንፃ ባለቤት የለውም። በ1963 በወጣው የግል ትምህርት ቤቶች ሕግ መሠረት ተቋሙን የሚይዘው ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት ያለው የትምህርት ፋውንዴሽን ነው። መሥራቹ መሬቱንና ገንዘቡን ለፋውንዴሽኑ ካስረከበ በኋላ የእኔ ነው ብሎ ሊሸጠው ወይም ትርፍ ሊከፋፈልበት አይችልም። ፋውንዴሽኑን የሚመራው ቢያንስ ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ሲሆን፣ እርስ በርስ የሚዛመዱ ሰዎች ከቦርዱ ሩብ በላይ እንዳይሆኑ ሕጉ ይከለክላል። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር ግን በብዙዎቹ የመሥራቹ ልጅ የቦርድ ሰብሳቢ ሆኖ፣ ወንድም ወይም አማች የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኖ ይገኛል። ሮ ሙህዩን አገሪቱን ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ በ2005፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሆኑ አባላት ወደ ቦርድ እንዲገቡ የሚያስገድድ ማሻሻያ ሲወጣ የግል ትምህርት ቤቶቹና አብያተ ክርስቲያናቱ አገር ይያዝልን አሉ። ተቃዋሚው ፓርቲም አደባባይ ወጣ። በ2007 ሕጉ እንደገና ላላ። ባለቤት የለውም በተባለ ነገር ላይ ይህን ያህል ጠብ መነሣቱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ሕጉ ሌላም ግዴታ ይጥላል፤ ፋውንዴሽኑ ገቢ የሚያስገኝ ሀብት ሊኖረው ይገባል። ልጅዎ ሴኡል ገብታ ከሱቅ ወተት ስትገዛ በካርቶኑ ላይ የዮንሴ ወይም የኮንኩክ ዩኒቨርሲቲን ስም ብታይ አይግረማት፤ የወተት ድርጅቶቹ የዩኒቨርሲቲዎቹ ፋውንዴሽኖች ንብረት ናቸው። የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ተቋም የሆነው የሳምዩክ ስምም በአኩሪ አተር ወተት ጠርሙስ ላይ ይገኛል። ሆኖም ከእነዚህ ሀብቶች የሚገኘው ገቢ በአብዛኞቹ ዘንድ ትንሽ ነው። የግል ዩኒቨርሲቲውን የሚያኖረው በዋናነት ተማሪው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ይህን ያስታውሱልኝ፤ ስለ ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ስንነጋገር ይመጣል።

እኔ የኮሪያ ትምህርት ቤት ስመረምር መጀመሪያ የማየው የመሥራቹ ገንዘብ ከየት እንደመጣና በየትኛው ዘመን እንደመጣ ነው። በየበሩ ላይ የተቀረጸውን የምሥረታ ዓመት ብዙም አላምነውም። ሰንግክዩንክዋን ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን የሚቆጥረው በ1398 ከተቋቋመው የነገሥታቱ የኮንፊሽየስ ትምህርት ማዕከል ነው፤ ዘመናዊው የግል ዩኒቨርሲቲ ግን የ1946 ነው። ሌሎቹም እንዲሁ ከቀደመ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ይጀምራሉ። የገንዘቡ ምንጭ ግን አይደበቅም፤ የዛሬውን ጠባይም ይነግራል።

የሚሲዮኖቹ ታሪክ በ1880ዎቹ ይጀምራል። አሜሪካዊው ሐኪም ሆራስ አለን በ1884 ኮሪያ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተሞከረ መፈንቅለ መንግሥት በጎራዴ ክፉኛ የቆሰለውን የንግሥቲቱን ዘመድ አክሞ በማዳኑ ንጉሥ ጎጆንግ በ1885 ሆስፒታል እንዲከፈት ፈቀዱ። ስብከት በይፋ ባልተፈቀደበት አገር በሩን የከፈቱት ሕክምናና ትምህርት ናቸው። ሜቶዲስቱ አፔንዜለር በ1885 የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ፕሬስቢቴሪያኑ አንደርዉድ በ1886 ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። በዚያው ዓመት ሜሪ ስክራንተን ዛሬ ኢህዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ተቋም መሠረት ጣለች።

የኢህዋ አጀማመር ለእርስዎ ጥያቄ ስለሚቀርብ ጥቂት ልቆይበት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የመጣችው ተማሪ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአንድ ሹም ዕቁባት፣ እንግሊዝኛ ተምራ የንግሥቲቱ አስተርጓሚ ለመሆን የጓጓች። ብዙም ሳትቆይ አቋረጠች። ከእርሷ ቀጥላ የመጣችው የድሃ ልጅ ናት። እናቲቱ ልጇን ካስረከበች በኋላ ጎረቤቶቿ «ፈረንጆቹ ባሕር አሻግረው ይወስዱብሻል» እያሉ ስላስፈራሯት ልጇን ልትወስድ ተመልሳ መጣች። ስክራንተን ያለ እናትየው ፈቃድ ልጅቱን ከአገር እንደማታስወጣ በጽሑፍ ቃል ገብታ ፈረመችላት፤ ልጅቱም ቀረች። በዚያ ዘመን የኮሪያ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መዋሏ ራሱ እንግዳ ነገር ነበርና የእናትየው ሥጋት ከመሬት የተነሣ አልነበረም።

ዮንሴ ደግሞ ከሁለት ወንዞች የተገናኘ ነው። አንዱ የአለን ሆስፒታል ነው። ሥራውን የተረከበው ካናዳዊው ሐኪም ኤቪሰን በ1900 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ የሚሲዮን ጉባኤ ስለ ኮሪያ ሲናገር፣ ሉዊስ ሰቨራንስ የተባለ የስታንዳርድ ኦይል ባለሀብት አዳምጦ 10,000 ዶላር ለገሰ። በእርሱ ስም የተጠራው ሆስፒታል በ1904 ተከፈተ፤ በ1908 የመጀመሪያዎቹ 7 ኮሪያውያን ሐኪሞች ከዚያ ተመረቁ። ሌላው ወንዝ አንደርዉድ በ1915 የጀመረው ኮሌጅ ነው። ሁለቱ በ1957 ሲዋሐዱ የዛሬው ዮንሴ ተፈጠረ። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት፤ ይህ ቅደም ተከተል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የሴኡሉ ምዮንግሰንግ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን እኛ «ኮሪያ ሆስፒታል» የምንለውን በ2004 ከፍቶ በኋላ የሕክምና ኮሌጅ ሲጨምርበት የሄደው ሚሲዮናውያኑ በአገሩ በሄዱበት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሃይማኖቱ ጉዳይ። ሚሲዮናውያን የመሠረቷቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዮንሴም ኢህዋም ሱንግሺልም፣ ተማሪው ለተወሰኑ መንፈቀ ዓመታት በየሳምንቱ የጸሎትና የንግግር መርሐ ግብር እንዲከታተል ያዛሉ። ለመመረቅ ያስፈልጋል፤ ክርስቲያን ላልሆነውም ጭምር። መርሐ ግብሩ አንዳንዴ ስብከት ነው፤ አንዳንዴ ሙዚቃ ወይም የእንግዳ ንግግር ነው። ተጠመቁ፣ አባል ሁኑ የሚል ግዴታ የለም። አንድ የሱንግሺል ተማሪ ይህ የእምነት ነጻነቴን ይነካል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ፤ ተማሪው ወዶና መርጦ የገባበት ቤት ነው፣ እምነት ካልተጫነበት መከታተሉ ሊጠየቅ ይችላል አለ። የቡድሃ እምነት ተከታዮች የመሠረቱት ዶንግጉክ ዩኒቨርሲቲም በበኩሉ ተመስጦን ያስተምራል። ስለዚህ ልጅዎ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች እንጂ ማንም ማተቧን አይበጥስባትም። እኔን ከጠየቁኝ ከጸሎቱ ይልቅ የሚያስቸግራት ጾሙ ነው፤ ኪምቺ በሚባለው የተብላላ ጎመን ውስጥ ሳይቀር የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ይገባል፣ የመመገቢያ አዳራሹ ሾርባም አብዛኛውን ጊዜ ከሥጋ ወይም ከዓሣ የተቀቀለ ነው። ከወዲሁ ምግብ ማብሰል ትልመድ።

ለወንድምዎ ልጆች ግን ሌላ ፍርድ አለ፤ እርሱን ለመረዳት ተማሪዎችን በዕጣ ወደ ትምህርት ቤት የመመደቡን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ ወደ ታዋቂ መካከለኛ ትምህርት ቤት ለመግባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሌሊቱን ሁሉ ያጠኑ ነበር። በታኅሣሥ 1964 በተሰጠው ፈተና ላይ ስለ ባህላዊው የኮሪያ ከረሜላ አሠራር የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር፤ በብቅል ምትክ ምን ማስገባት ይቻላል የሚል። ትክክል የተባለው መልስ ዲያስታዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ብዙ ልጆች ግን የነጭ ፍጅል ጭማቂ የሚለውን መረጡ፤ በአንድ ነጥብ ወደቁ። እናቶቹ ምን አደረጉ? ቤታቸው ገብተው በፍጅል ጭማቂ ከረሜላውን ሠሩት፤ ከነድስቱ ይዘው ወደ ትምህርት ቢሮ ሄዱና «እንካችሁ ቅመሱ» አሉ። በ1965 ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። መንግሥት እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ ፈተናውን ከመሠረቱ ለማስቀረት ወሰነ። በ1969 በሴኡል ልጆቹ በእጅ የሚዞር የእንጨት በርሜል እያዞሩ በሚወድቀው ኳስ ላይ በተጻፈው ቁጥር ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት ተመደቡ። በ1974 ምደባው በሴኡልና በቡሳን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ አለ።

ዕጣው የግል የመንግሥት ብሎ አልለየም። የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪውን የመምረጥና ክፍያውን የመወሰን ሥልጣኑን አጣ፤ በምትኩ የመምህራኑ ደመወዝ በአብዛኛው ከመንግሥት ይመጣለታል። በኮሪያ ከአሥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አራት ያህሉ የግል ሆነው ሳለ ወላጆች ብዙም ልዩነት የማያዩት ለዚህ ነው። መምህራን ሲቀጠሩ ግን ልዩነቱ ይታያል። በፋውንዴሽኑ ቤተሰብ በኩል የሥራ ቦታ በገንዘብ ይሸጣል የሚል ቅሌት ስለበዛ፣ በ2021 የወጣ ማሻሻያ የመምህራን የጽሑፍ ፈተና በየክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቢሮ እንዲሰጥ አድርጓል። እንግዲህ በዕጣ ወደ ክርስቲያን ሁለተኛ ደረጃ የተመደበ አንድ ተማሪ የግዴታ ጸሎቱን ተቃውሞ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2010 ፍርድ ቤቱ ለተማሪው ፈረደ፤ ሳይመርጥ በዕጣ የገባን ልጅ ማስገደድ አይቻልም አለ። የመረጠና ያልመረጠ እኩል አይዳኝም፤ ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ሲያነቧቸው የሚታየው ይህ ነው።

ከዕጣው ውጭ የሆኑም አሉ፤ ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩ፣ ክፍያቸው ከፍ ያለ፣ ተማሪ የሚመርጡ። ከእነርሱ መካከል በጄዎንጁ የሚገኘውን ሳንግሳንን በ1981 ያቋቋመው፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ያጠናበትን የሒሳብ አጋዥ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ተማሪዎች ለመጽሐፍ ያወጡት ገንዘብ ትምህርት ቤት ሆኖ ተመለሰ። በጋንግዎን ተራሮች መካከል በ1996 የተከፈተውን የኮሪያ ሚንጆክ አካዳሚን ያቋቋመው ደግሞ የፓስተር ወተት ኩባንያ ሊቀ መንበር ነው። አሁንም ወተት! ኩባንያው በእስያ የገንዘብ ቀውስ በ1998 ከሰረ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም ቆሟል።

ከሚሲዮናውያኑ ጋር የተወዳደሩ የአገሬው ሰዎች ገንዘብም አለ። ዛሬ ኮሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በ1905 የተከፈተው የንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ በነበሩት ዪ ዮንግ-ኢክ ነው። ኋላ ቾንዶ የተባለው የአገሬው እምነት መሪዎች፣ በ1932 ደግሞ ጋዜጣና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመሠረተው የባለርስት ልጅ ኪም ሰንግ-ሱ ተረከቡት። ሱክምዮንግ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በ1906 ከንጉሣዊው ቤተሰብ በተሰጠ ሀብት ጀመረ። ጃፓን በ1910 አገሪቱን ስትጠቀልል እነዚህ ሁሉ ኮሌጅ እንጂ ዩኒቨርሲቲ ተብለው መጠራት አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1923 ምሁራኑ «አሥር ሚሊዮን ሕዝብ በነፍስ ወከፍ አንድ ዎን» ብለው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋም ገንዘብ ማሰባሰብ ቢጀምሩም አልተሳካላቸውም፤ ጃፓን በፋንታው በ1924 የራሷን የኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በሴኡል ከፈተች። በፒዮንግያንግ የነበረው ሱንግሺል ተማሪዎቹ በጃፓኖች የሺንቶ እምነት መቅደስ እንዲሰግዱ ሲታዘዝ አንሰግድም ብሎ በ1938 ራሱን ዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ1954 በሴኡል ነው።

ከነጻነት በኋላ የመጣው ገንዘብ የመሬት ገንዘብ ነው። በ1949 የወጣው የመሬት አዋጅ ርስታቸውን ሊወስድባቸው የተቃረበ ባለርስቶች ለትምህርት ፋውንዴሽን የተሰጠ መሬት የተሻለ ካሳ እንደሚያገኝ ሲያዩ ኮሌጅ ማቋቋም ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል ለአገር ብለው ያደረጉት እንዳሉ ሁሉ ሀብታቸውን ለማዳን ያደረጉትም ብዙ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ነበሩ። ወዲያው ጦርነት መጣ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ በደረሰበት በ1951 የኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች በቡሳን በድንኳን ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪ የሆነ ከግዳጅ ውትድርና ይዘገይ ስለነበር ማመልከቻው ጎረፈ። ከጦርነቱ በኋላም ገበሬው በሬውን እየሸጠ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ስላስገባ ሕዝቡ ዩኒቨርሲቲዎቹን «የበሬ አጥንት ግንብ» ይላቸው ጀመር። መንግሥት ለጦርነት ፍርስራሽ እንጂ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም፤ ዛሬም ከአምስት የኮሪያ ዩኒቨርሲቲዎች አራቱ ያህል የግል የሆኑት ከዚያ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ወደመጣበት ወደ ኩባንያዎቹ እንለፍ። ፖስኮ የተባለው የብረት ኩባንያ በ1986 ፖስቴክን በፖሃንግ አቋቋመ። የህዩንዳይ መሥራች የኡልሳንን፣ ዴዉ የአጁን ዩኒቨርሲቲ ደገፉ። ሳምሰንግ በ1965 ሰንግክዩንክዋንን ይዞ በ1977 ለቀቀ፤ በ1996 ተመልሶ ገባ። ዱሳን በ2008 ቹንጋንግን ተረከበ። በእኔ ዘንድ ከሁሉም ታሪኩ የሚያምረው የኢንሃ ነው፤ በ1954 የተከፈተው በሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ ከሠሩ ኮሪያውያን ስደተኞች በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር ነው። የኮሪያ አየር መንገድ ባለቤት የሆነው የሃንጂን ቡድን የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ በ1968 ነው።

«ኩባንያው ቢከስርስ?» ብለዋል። ዴዉ በ1999 ሲፈርስ በኮሪያ ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ኪሳራዎች አንዱ ነበር። አጁ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ግን አልተዘጉም፤ ንብረታቸው በፋውንዴሽኑ ስም ስለሆነ አበዳሪዎች ሊወስዱት አልቻሉም። ችግር መጣ፣ እርዳታው ቀረ፤ ትምህርቱ ቀጠለ። ኩባንያ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጠባይ አለው፤ ቶሎ ይወስናል፣ ቤተ ሙከራው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሥራ አያስገኝም ያለውን የትምህርት ክፍል ሲያጥፍ ብዙ አያመነታም። ዱሳን ቹንጋንግ እንደገባ የትምህርት ክፍሎችን እያዋሐደ ሲያጥፍ ተማሪዎችና መምህራን በብርቱ ተቃውመዋል። ልጅዎ የምትማረው ምሕንድስና ከሆነ ይህ ይጠቅማታል፤ ፍልስፍና ወይም ቋንቋ ከሆነ ግን የትምህርት ክፍሉ በቅርብ ዓመታት ከሌላ ጋር ተዋሕዶ እንደሆነ ትጠይቅ።

ሦስተኛው ደብዳቤ የሚያሳስበኝ ነው። በኪም ዮንግ ሳም መንግሥት የ1995 ማሻሻያ መሠረት ከ1996 ጀምሮ ሕንፃ፣ መሬት፣ መምህራንና ገቢ ያለው ሀብት፣ እነዚህን አራቱን ያሟላ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ሊከፍት ይችል ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በዚያው ጊዜ የሚወለደው ሕፃን እያነሰ ይሄድ ነበር። በ1970 አንድ ሚሊዮን ገደማ የተወለደባት አገር በ2023 የወለደችው 230,000 ያህል ነው፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በዚያ ዓመት በአማካይ 0.72 ልጅ ነበር። ወንበሩ ግን አልቀነሰም። የትምህርት ክፍያውም ከ2009 ጀምሮ በመንግሥት ግፊት ለዓመታት እንዳይጨምር ተደርጓል። ኮሪያውያን ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጉት ቼሪ በሚያብብበት ቅደም ተከተል ነው ይላሉ፤ አበባው ከደቡብ ጀምሮ ወደ ሴኡል ስለሚወጣ።

የሶናም ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሁሉንም ያሳያል። በደቡብ ምዕራብ በናምዎን ከተማ በ1991 የተከፈተ፣ የሕክምና ፋኩልቲ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ነበር። መሥራቹ ከትምህርት ተቋማቱ ከፍተኛ ገንዘብ በመመዝበር ተፈርዶባቸው ታሰሩ። የጎደለው ገንዘብ ሳይመለስ፣ ገዢ የመሰለ ሁሉ ሲመጣና ሲሄድ ቆይቶ በየካቲት 2018 የትምህርት ሚኒስቴር ዘጋው። ተማሪዎቹ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወሩ፤ በየዓመቱ የሚቀበላቸው 49 የሕክምና ተማሪዎች ኮታ ለጎረቤት ዩኒቨርሲቲዎች ተከፋፈለ። ከዚያ አንድ አሳፋሪ ነገር ወጣ። ሕጉ በጊዜው የፈረሰ ፋውንዴሽን ቀሪ ሀብት መተዳደሪያ ደንቡ ወደሚጠቁመው ሌላ ፋውንዴሽን ይሄዳል ይል ነበር፤ የሶናም ደንብ የሚጠቁመው ከዚያው ቤተሰብ ጋር የተያያዘውን ሌላ ፋውንዴሽን ሆኖ ተገኘ። ይህን ለመከልከል በ2018 መጨረሻ ሕጉ ተሻሻለ። በናምዎን ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የነበሩ የተማሪ ኪራይ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ግን ማሻሻያውን ሊበሉት አይችሉም።

ኮሪያዊ ተማሪ ያጣው ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪ ይፈልጋል። መንግሥትም በ2023 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2027 ድረስ 300,000 የውጭ ተማሪዎችን ለመቀበል አስቧል። ከወኪሉ ጥድፊያ በስተጀርባ ያለው ይህ ነው፤ ራቅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለሚያመጣው ተማሪ ኮሚሽን ይከፍለዋል፤ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ አይከፍሉትም። ሩቅ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ከሴኡል ውጭ ጥሩ የግልም የመንግሥትም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ኑሮውም ይረክሳል። የማስጠነቅቅዎ ስለ ሁለት ነገሮች ነው። የትምህርትና የፍትሕ ሚኒስቴሮች የውጭ ተማሪዎችን አያያዝ እየመረመሩ ብቁ ለሆኑት ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቻቸው እየጠፉ ያስቸገሩትን ደግሞ ቪዛ በሚገደብባቸው ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ። የዩኒቨርሲቲው ስም በየትኛው ዝርዝር እንዳለ የኮሪያ መንግሥት ስተዲ ኢን ኮሪያ በሚለው ድረ ገጹ ላይ ይገኛል፤ ኤምባሲውንም መጠየቅ ይቻላል። ሌላው፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከተፈቀደለት ወንበር ስንቱን እንደሞላ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ ዴሃክ አሊሚ በተባለው የመንግሥት ገጽ ላይ ይወጣል። ገጹ በኮሪያኛ ስለሆነ የሚያነብ ሰው ይፈልጉ። ለበርካታ ዓመታት ወንበሩን መሙላት ያቃተው ዩኒቨርሲቲ ልጅዎ አራት ዓመት እስክትጨርስ በሩ ክፍት ይሁን አይሁን ማንም ዋስ ሊሆንዎ አይችልም። ክፍያውንም ቢሆን በዩኒቨርሲቲው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ እንጂ በወኪሉ ስም ወዳለ ሒሳብ አይላኩ። ከሦስቱ ምረጥ ብባል ሦስተኛውን አልመርጥም። ቀጣዩን ዓመት የኮሪያ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ጠብቃ እንድትሞክር ማድረግ ለሦስተኛው ከመክፈል ይሻላል።

የወንድምዎን ጉዳይ በአጭሩ። በኮሪያ ዓለም አቀፍ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች በሕግ አንድ ዓይነት አይደሉም። የቆዩት ለውጭ ዜጎች የተከፈቱ ናቸው። የሴኡሉ ፎረን ስኩል በ1912 በሚሲዮናውያን ቤተሰቦች ለልጆቻቸው የተቋቋመ ነው። ኮሪያዊ ልጅ ወደ እነዚህ ለመግባት ሦስት ዓመት ውጭ አገር የኖረ መሆን አለበት፤ ቁጥራቸውም በኮታ የተገደበ ነው። በ2012 የኢንቾን ዓቃቤ ሕግ ሀብታም ወላጆችን በብዛት ከስሶ ነበር፤ በደላላ በኩል የመካከለኛው አሜሪካ አገሮችን ጨምሮ የሐሰት ዜግነት እየገዙ ልጆቻቸውን «የውጭ ዜጋ» አድርገው በማስገባታቸው። በሌላ በኩል እናቲቱ ከልጆች ጋር አሜሪካ ወይም ካናዳ ሄዳ አባት ብቻውን ሴኡል ቀርቶ ገንዘብ የሚልክበት ኑሮ እየተስፋፋ ነበር። ያ ገንዘብ በአገር እንዲቀር መንግሥት በጄጁ ደሴት የትምህርት ከተማ ሠራ፤ ኖርዝ ለንደን ኮሌጂየት ስኩል በ2011፣ የካናዳው ብራንክሰም ሆል በ2012 ቅርንጫፋቸውን ከፈቱ። እዚያ ኮሪያውያን ያለ ገደብ ስለሚገቡ አብዛኛው ተማሪ ኮሪያዊ ነው። ስሙ የለንደን ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ኩባንያ የኮሪያ መንግሥት የጄጁ ልማት ድርጅት ንብረት ነበር። በኢንቾን ሶንግዶም የአሜሪካው ቻድዊክ ትምህርት ቤት በ2010 ቅርንጫፉን ከፍቷል።

ወንድምዎ የውጭ ዜጋ ስለሆነ ልጆቹ ወደ ሁሉም ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ችግሩ ክፍያው ነው። በዓመት ለአንድ ልጅ ከ30 ሚሊዮን ዎን በላይ የሚያስከፍሉ ብዙ ናቸው፤ የጄጁ አዳሪ ከሆነ ከዚያም በጣም ይበልጣል። አሠሪው ካልከፈለ በደመወዝ የሚቻል ነገር አይደለም። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑና ቆይታቸው ረዘም የሚል ከሆነ በሰፈራቸው ያለውን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ያስቡበት። የውጭ ዜጋ ልጅ ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ ምሳ ይመግባል፤ በብዙ ቦታም ኮሪያኛ ለማይችሉ ልጆች የተለየ ክፍል አለ። ትልቁ ልጅ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ከሆነው ግን ከዜሮ በኮሪያኛ መጀመር ስለሚከብደው በእንግሊዝኛ የሚያስተምረውን መፈለጉ አይቀርም። በዚህ ጊዜ የልጆቹ የትምህርት ክፍያ በሥራ ውሉ ውስጥ ከነመጠኑ እንዲሰፍር ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፤ ሴኡል ከገቡ በኋላ ለሚጠይቅ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ነው።